ባዶዋን ያልተመለሰችው ብልቃጥ

ጎረቤቴን እማማ ናቤን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሳገኛቸው፣ ከክሊኒካችን ቤተ ሙከራ የሰጠኋቸውን ብልቃጥ ከቦርሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። እስከ አፏ ድረስ ጥቁር ስኳር ሞልተዋታል።

«ከራሳችን አገዳ ነው፤ ቅመሺው።»

በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ ብልቃጧን ስሰጣቸው አጠገባችን ሰው ስለነበረ አፍሬ «ትንሽ አድርገውባት ይመልሱልኝ» ብቻ ነበር ያልኳቸው።

«እማማ፣ የፈለግነው... ሰገራ ነው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒታቸውን ሁለቴ ሳቡ። አስሙ እንዲህ ከጠናባቸው ዓመት አልፏል። ሐኪሙ የሳንባቸውን ብግነት የሚያበርድ ጠንካራ ኪኒን ሊያዝላቸው አስቧል፤ ግን ሰገራቸው ሳይመረመር አይሆንም ብሏል።

«የታመመው ደረቴ፣ እናንተ የምትፈልጉት ሌላ ቦታ! በሰማንያ ዓመቴ ትል ልትቆጥሩብኝ?»

«በልጅነትዎ አገዳ ማሳ ሲገቡ ጫማ ያደርጉ ነበር?»

«ጫማ? ጫማ ያደረግሁት ስዳር ነው!»

«እንግዲያው በእግር ቆዳ የሚገባው ትል ዛሬም ሊኖርብዎት ይችላል። እዚያው ሰውነት ውስጥ እየተራባ ዕድሜ ልክ ይቆያል።»

«ይቆያ! ትል አስም ያበርዳል ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። የኔ ትል ምን አደረገሽ?»

ይህን ስሰማ ዓይነ አፋርነቴ ብን ብሎ ጠፋ።

«እየተጠና ነው እኮ፣ እማማ! አንዳንዱ ትል ራሱን ለማትረፍ ሲል የሰውነትን ቁጣ ያለዝባል። ሌላው ደግሞ በሳንባ ሲያልፍ ቁጣውን ያባብሳል። የእርስዎን ሳናይ አናውቅም። ኪኒኑ ግን ብግነቱን ሲያበርድ፣ ትሉን አፍኖ የያዘውንም ዘብ ያስተኛዋል። ያኔ ትሉ በመላ ሰውነት ይሰራጫል። ይገድላል!»

አውቶቡሱ መጥቶ አለፈን፤ ሁለታችንም አልተነሣንም።

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው ‹ትንሽ አድርገውባት› ያልሽኝ?»

«አፈርኩ፣ እማማ።»

«በሀፍረትሽ ልትገድዪኝ ነበር፣ አንቺ ልጅ! በይ ሌላ ብልቃጥ አምጪ።»

በማግስቱ አመጡልኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ትሉ በማይክሮስኮፑ ሥር ሲጥመዘመዝ ሳየው ወንበሬን ገልብጬ ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። እማማ ናቤ አስቀድመው የትሉን መድኃኒት ወሰዱ፤ በሁለት ሳምንቱ ደገሙት። ሰገራቸው ንጹሕ ሲሆን ኪኒኑ ታዘዘላቸው። በአገዳ ቆረጣው ወቅት እስከ ማሳው ዳር ሳያርፉ ተራመዱ።

ይህን የሰሙ ስድስት አሮጊቶች ከሰፈራችን ማኅበር ብልቃጥ ሊወስዱ መጡ። ምን እንደሚያደርጉባት ለእያንዳንዳቸው በግልጽ ነገርኳቸው።