ስንጥቅ ያጣሁበት ግድግዳ

በደርግ ጊዜ ነው፤ በአርክቴክቸር ተመርቄ መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ነበር። ከጭቃ፣ ከጭድና ከተጣለ ቆርቆሮ ጥሩ ቤት ይሠራል ብዬ ያቆምኩት የናሙና ግድግዳ በሳምንቱ ተሰነጠቀ። አለቃዬ «ጓድ፣ አብዮቱን ጭቃ ልትቀባው ነው?» ብሎ ከንድፍ ክፍል አውጥቶ መጋዘን ጣለኝ። በተንኮል ውሃ አስደፍቶበት ነው እያልኩ ዓመታት ረገምኩት።

አንድ ቀን ኮልፌ ሳልፍ፣ አንድ ጭቃ መራጊ አዛውንት የሠሩት ቤት አስቆመኝ። በሩ ከተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ብርሃን የሚገባው ግድግዳው ላይ በተሰኩ የጠርሙስ ቂጦች ነው። ደጃፉ ላይ ከጭቃ ጉድጓዳቸው አጠገብ ቆመው፣ ግድግዳውን በእጄ ስዳብስ አዩኝ።

«ምን ጠፍቶብህ ነው ልጄ?»

«ስንጥቅ።»

ሳቁ። የእኔን ግድግዳ ነገር አጫወትኳቸው።

«ጭቃህን ስንት ቀን አቦካኸው?»

«በዚያው ቀን ነው የመረግነው።»

«ጭዱ ሳይበሰብስ? ኧረ የተማረ ሰው! ታዲያ ሰውየውን ለምን ታማዋለህ? ራሱ ነው የተሰነጠቀው!»

አለቃዬን ይቅር አላልኩትም፤ ለአንድ ግድግዳ ሰው መጋዘን አይጣልም። ውሃ አስደፋ ማለቴን ግን ተውኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ የጭቃው ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ አልኩና፣ «መቡካቱን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ጎንበስ በልና አሽትተው» አሉኝ።