የእታለም ቀስታ ደብዳቤዎች

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ታላቅ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ከስድሳ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። በልጅነታቸው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ የሚወጡ፣ አፋቸውም ከእግራቸው የማይዘገይ ነበሩ።

የመምህራን ኮሌጅ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ባዮሎጂ ማስተማር ጀምረው ሠላሳ ሁለት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አገለገሉ። ስለ ሆርሞን ሲያስተምሩ፣ ብጫቂ ወረቀት ከኋላ ወንበር እስከ ፊት ወንበር በተማሪዎች እጅ እያዞሩ፣ ዕጢዎች ወደ ደም የሚለቁት ሆርሞን እንዲሁ ያለ ደብዳቤ መሆኑን፣ ደም ለሁሉም ቢያዞረውም የሚያነበው የተጻፈለት አካል ብቻ መሆኑን፣ አንዱ ለልብ ፍጠን፣ ሌላው ለአጥንት እደግ፣ ሌላው ለጡንቻ ስኳሩን ከደም ውሰድ እንደሚል ያስረዱ ነበር። ከአናጺ ባለቤታቸው ጋርም ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን በጠራራ ፀሐይ ሹራብ የሚደርቡ፣ ንግግራቸው የሚጎተት፣ ፊታቸው ያበጠ፣ በጨዋታ መካከል እንቅልፍ የሚጥላቸው ሆኑ። ከፊሎቻችን ኮሩ አልን፣ ከፊሎቻችን ሰነፉ አልን፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ «እታለም ቀስታ» የሚል ስም አወጣላቸውና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ እርጅና ነው ብለው ተቀበሉት እንጂ፣ ያን ያህል ዘመን ያስተማሩትን በራሳቸው አካል ላይ አላነበቡትም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነች የቀድሞ ተማሪያቸው ለሌላ ጉዳይ ደም ስትቀዳላቸው የተጎተተ ድምፃቸውን ሰምታ ደነገጠችና ሆርሞናቸውም እንዲመረመር አደረገች፤ ምርመራውም አንገታቸው ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ደብዳቤ መጻፍ ማቆሟን አሳየ። በየማለዳው ቁርስ ሳይቀምሱ በሚውጧት ትንሽ ክኒን ንግግራቸው ተመለሰ፣ ሹራቡም ወለቀ፤ ወንድማቸውንም አሁን ፈጥኛለሁና ስምህን ውሰድልኝ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ይቅርታ ሊጠይቃቸው እያሰበ፣ ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ። ልባቸው ግን ደብዳቤው ሳይደርሰው በቀረባቸው ዓመታት ክፉኛ ተጎድቶ ኖሮ፣ ትናንት ረፋድ ላይ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ይህን ታናሽ ወንድም ትተው ሄደዋል። ከቤተሰቡ ሁሉ የዘገየው እሱ ነበርና፣ ቀስታ የሚለውን ስም በእናንተ ፊት ከእሳቸው ላይ አንሥቶ ለራሱ ወስዷል። አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ እሳቸውም ባሉበት ሆነው እሱን ይቅር ይበሉት።