ቁልቁል የወረደው ቦይ

አዛውንቱ ግንበኛ ሁለት ጀሪካን ውሃ አንጠልጥለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የጎረቤታቸውን ልጅ ድልድዩ ላይ አገኟት። የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ከሆነች ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ስለ ስብሰባ ስለሆነባቸው ባያገኟት በወደዱ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አንዱን ይስጡኝ፣ ላግዝዎት።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ብቻ ያንን መዋጮ እንዳታነሺብኝ።»

«መዋጮ እኮ አይደለም፤ ወርሃዊ ክፍያ ነው። ነዋሪው ለመክፈል ካልተስማማ ባንኩ ለቆሻሻ ማቃጠያውና ለፍሳሽ ማጣሪያው አያበድረንም። ቆሻሻው ተቃጥሎ መብራት ያመነጫል፤ የመብራቱ ሽያጭ ከብድሩ ገሚሱን ይከፍላል። የፍሳሽ ማጣሪያውን ደግሞ እኛ...»

«እኛ፣ እኛ! ማዘጋጃ ቤቱ ዞር ብሎ ሳያየን የሰፈሩን ፍሳሽ የሚያወርደውን ቦይ የገነባሁት እኔ ነኝ። ቆሻሻው ከደጃችን ከሄደ ምን ቸገረን?»

ይህችን ንግግር ሰፈሩ በቃሉ ይዟታል። ባለፈው ስብሰባ ሲናገሯት አዳራሹ በጭብጨባ ተናግቶ ነበር። ለነገሩ ቦዩም የሚያኮራ ሥራ ነው፤ ስንት ክረምት አልፎበት አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ሰው ግን ሥራው ካማረለት፣ ሥራው የት እንደሚያደርስ መጠየቅ ይረሳል።

«ውሃው ለማን ነው ጋሼ?»

«ለልጄ ነዋ። ታች ሰፈር አግብታ የለ? የጉድጓዷ ውሃ ከሸተተ ቆየ። ሁለት ጊዜ አስወረዳት፤ ሐኪሙ ውሃውን ጠርጥሯል። አሁን ሦስተኛውን ይዛለች።»

«ቦዩስ የት ነው የሚያልቀው?»

አዛውንቱ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ወደ ቦዩ ዞሩ። ከዳገቱ ጫፍ በታች ወርደው አይተውት አያውቁም። ልጃቸው ቤት ሁልጊዜ የሚገቡት በፊት ለፊቱ በር ነው።

ቦዩን ተከትለው ወረዱ። ጥቁሩ ውሃ ከአጥሯ ጀርባ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ተኝቷል። አዛውንቱ እዚያው ቁጢጥ አሉ።

«በእጄ» አሉ፤ «በገዛ እጄ!»

በማግስቱ በየቤቱ ዞሩ። ቆሻሻው መብራት እንደሚሆን፣ ውሃው ተጣርቶ እንደሚወርድ፣ ለሐኪም የሚወጣው ገንዘብ ለማጣሪያው እንደሚበቃ፣ የታች ሰፈር እናቶችም ልጅ እንደሚታቀፉ አስረዱ። ከተናገሩት አንድም ሐሰት አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው ወንበር አቀረቡላቸውና በአክብሮት ሳቁ።

«ምነው ጋሼ! ከደጃችን ከሄደ ምን ቸገረን?»

ድምፅ ተሰጠ፤ አብዛኛው አልከፍልም አለ። ባንኩም ብድሩን ለሌላ ከተማ ሰጠው።

አዛውንቱ እንደገና ጀሪካናቸውን ይዘው ወረዱ፤ አሁን ግን በጓሮ በኩል ገቡ።

«ቦዩ የኔ ነው ልጄ» አሏት።

ልጃቸው አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጀሪካኑን ተቀበለቻቸው።

«አውቃለሁ አባባ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልዎ ደስ ብሎዎት ነበር፤ እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»