ደህናውን ዓይን መሸፈን

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊትና ወጣት ሴት ወሬ የጀመሩት፣ ወጣቷ ጭኗ ላይ ስላስቀመጠችው የፕላስተር ካርቶን ነው።

«ለቁስል ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ለልጄ ዓይን ነው። አንደኛው ሰነፍ ነው ተባለ። ሐኪሙ በየቀኑ ደህናውን ሸፍኚው፣ ሰነፉ እንዲሠራ አለኝ።»

«ደህናውን?»

«ደህናውን። ገና ስለጥፍላት ትነቅለዋለች። ከረሜላ ሰጠኋት፣ ተቆጣኋት፣ መታኋትም።»

«አሁን የት ናት?»

«ሞጣ፣ አባቷ ዘንድ። ክረምቱን እዚያ ናት። እዚያ አትነቅለውም።»

«አባቷን ፈርታ ነዋ።»

«ምን እሱን። አዲሲቱ ሚስቱ ናት የምትለጥፍላት።»

«ትመታታለች እንዴ?»

«ብትመታትማ ይቀለኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ብታደርጋት ነው?»

«የራሷንም አንድ ዓይን ትሸፍናለች። እንደዚያ ሆነው ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ልጄ በስልክ ‹ዛሬ ከእሷ የበለጠ ጠጠር አወጣሁ› ትለኛለች። እኔ ወልጄ ያላሰብኩትን እሷ ሳትወልድ አሰበችው።»

«ዓይኗስ?»

«ተሽሏታል።»

«ተመስገን በያ።»

«እያነቀኝም ቢሆን ብያለሁ።»

«ይኼን ሁሉ ፕላስተር ታዲያ ለምን ተሸከምሽ? ሐኪሙ የሰጠሽ አልበቃ አለ?»

«አልቆባቸው ነው እማማ። ለሁለት ሲሆን ቶሎ ያልቃል።»

እኔ ከኋላቸው አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ፣ ሞጣ እስክንገባ ድረስ መንገዱን በሌላው አየሁት።