ጤነኛ ዕቃ አይፈታም

(አዳማ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት። በወይዘሮ ዘርፈሽዋል ግቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪናዋ ጀርባ በክሪክ ተነስቷል፤ መካኒኩ ቦጋለ፣ የባለቤቷ የጡረተኛው መምህር ንጋቱ የድሮ ተማሪ፣ ጓንቱን እንደያዘ ቆሟል።)

ቦጋለ፦ አልፈታውም አልኩ እኮ እትዬ! ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ ቸግሮኛል ቦጌ። ባይቸግረኝ መኪናዋን እንዲህ አሰቅልህ ነበር?

ቦጋለ፦ ቁልፉን መምህሬ ላይ ይደብቁባቸዋ!

ዘርፈሽዋል፦ ደብቄ ነበር። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። «ቤቴ ሌባ ገብቷል» ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረ። ሌባዋ እኔ ነኝ።

ቦጋለ፦ እንግዲያው ይሸጧት።

ዘርፈሽዋል፦ ጧት ተነስቶ የሚቀመጥባት፣ ሬዲዮ የሚሰማባት፣ መሪዋን የሚዳብሳት እሷ ናት። ሌላ የቀረው ነገር የለም። እንድትቆምለት እፈልጋለሁ፤ እንድትሄድበት አልፈልግም።

ቦጋለ፦ ባለፈው ሳምንት ፊውዟን ነቅዬልዎት አልነበር? ምን ሆነች?

ዘርፈሽዋል፦ እስከ ምሳ አልቆየችም። ከመሳቢያው ሌላ ፊውዝ አውጥቶ ሰካላት። የኔን ስም ረስቷል፤ የፊውዙን ቦታ ግን አልረሳም።

ቦጋለ፦ አይ መምህሬ! «እጅ አይረሳም» ይሉን ነበር ክፍል ውስጥ።

ዘርፈሽዋል፦ አልዋሸም።

ቦጋለ፦ ብርቱካናማውን የኤሌክትሪክ ገመድ ብቻ ባላቅቀውስ?

ዘርፈሽዋል፦ እሱንም ሊቀጥል ቢሄድስ? «በባዶ እጅ የነካው አይተርፍም» ያልከኝ አንተው አይደለህም?

ቦጋለ፦ ብያለሁ።

ዘርፈሽዋል፦ ሞተሩ ግን ከስር ነው። ጉልበቱ አያጎነብስለትም፤ እዚያ አይደርስም። አየህ፣ አስቤበታለሁ።

ቦጋለ፦ እትዬ፣ ይሄን ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፉት ምን መሰለዎት? «ጤነኛ ዕቃ አይፈታም።» አሁን እኔ በገዛ መኪናቸው ላይ…

ዘርፈሽዋል፦ ማክሰኞ ዕለት የሞጆን መንገድ በተቃራኒው ሲነዳ ነው ያገኙት። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከመሪው አውርዶ አመጣልኝ። እሱ ምን አለ መሰለህ? «ሰዉ ሁሉ ተሳስቷል፣ ልክ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ቦጋለ፦ ማርያምን?

ዘርፈሽዋል፦ ሌላ ጊዜ ቢሆን የምስቅበት ነበር።

ቦጋለ፦ እሳቸው መኪናዋን ይዘው ሲወጡ እርስዎ አይሰሙም?

ዘርፈሽዋል፦ በየት በኩል? ድሮ ፊያታችን ስትነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯት ይነሳ ነበር። ይቺ ድመት ናት። ልጃችን «የነዳጅ ሰልፍ ይቅርላችሁ» ብላ ገዛችልን። ሰልፉስ ቀረ።

ቦጋለ፦ አሁን የት ሄደው ነው?

ዘርፈሽዋል፦ ጎረቤታችን ፀጉሩን ሊያስተካክለው ወስዶታል። ምሳም እዚያው በልተው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ይመለሳሉ።

ቦጋለ፦ እሺ… እሺ በቃ። ኃጢአቱን ግን እኩል ነው የምንካፈለው።

ዘርፈሽዋል፦ ሙሉውን እኔ ላይ ጫነው። ተጨማሪ መሆኑም አይታወቀኝም።

ቦጋለ፦ ይኸው ዋናውን የኤሌክትሪክ መቁረጫ ነቀልኩት። አሁን ዐሥር ደቂቃ እንጠብቃለን።

ዘርፈሽዋል፦ ምን እንጠብቃለን? ጠፋ አይደል እንዴ?

ቦጋለ፦ ቢጠፋም ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ አለ። እስኪወጣለት አይነካም።

ዘርፈሽዋል፦ እንጠብቃ።

ቦጋለ፦ እትዬ… ይሄን ሁሉ ሲነግሩኝ ዓይንዎ እርጥብ እንኳ አላለም።

ዘርፈሽዋል፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። አንጀቴን ፈልጌ አጣሁት። አሁን አሁንማ ሽንኩርት ስከትፍም አይመጣም።

ቦጋለ፦ ለመሆኑ ወዴት ነው የሚሄዱት?

ዘርፈሽዋል፦ ወደ ክር ፋብሪካው።

ቦጋለ፦ የተዘጋው?

ዘርፈሽዋል፦ ከተዘጋ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ፤ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። እኔ እዚያ የጧት ተረኛ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ስወጣ ፊያቷን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። ሃያ ዓመት አንድ ቀን አላረፈደም። አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ጃኬቱን ይለብሳል።

ቦጋለ፦ እርስዎን ሊያመጡ?

ዘርፈሽዋል፦ እኔን ሊያመጣ። እኔኑ፣ ምሳ ያቀረብኩለትን ሴትዮ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ባለቤቴ ከሥራ ልትወጣ ነው፤ እርስዎ ቤቱን ይጠብቁ» ብሎኝ ይወጣል። አርባ አራት ዓመት አንቺ ስባል ኖሬ አሁን አንቱ ሆንኩልህ። ሹመት ነው።

ቦጋለ፦ (መፍቻውን ያነሳል።)

ዘርፈሽዋል፦ ዐሥር ደቂቃው አልሞላም?

ቦጋለ፦ ሞልቷል።

ዘርፈሽዋል፦ ፍታዋ።

ቦጋለ፦ ይኸው ገመዱ ተላቀቀ፣ የማቀዝቀዣው ውሃም ተንጠፈጠፈ። ብሎኖቹን ይያዙልኝ፤ አንዱም እንዳይጠፋ።

ዘርፈሽዋል፦ በነጠላዬ ጫፍ ልቋጥራቸው?

ቦጋለ፦ ይቋጥሯቸው።

ዘርፈሽዋል፦ ውፍረታቸው! በዚህ ሁሉ ብሎን የታሰረውን ነው እኔ ቁልፍ በመደበቅ ላስቀረው ያልኩት?

ቦጋለ፦ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉልኝ… ቀስ… ቀስ… ወረደ!

ዘርፈሽዋል፦ ይሄ ነው?

ቦጋለ፦ ይሄ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ አንድ ሙክት አያክልም። በዚህ ነው ሞጆ መንገድ የደረሰው?

ቦጋለ፦ አይናቁት፤ ዘጠና ኪሎ ይወጣዋል። በሉ ጎማዋን ልመልስና ክሪኩን ላውርድ። መብራቷ ይበራል፣ ሬዲዮዋ ይዘፍናል፣ መሪዋ ይዞራል። መሄድ ግን በቃ፣ የለም።

ዘርፈሽዋል፦ ተመስገን። ምነው ታዲያ ፊትህ ጠቆረ?

ቦጋለ፦ ጀርባዋን አያዩም? ክብደቱ ሲቀንስላት ቂጧን ሰቀለች። መምህሬ ገና ከአጥሩ በር ሆነው «ይቺን መኪና ማን ነካት?» ማለታቸው አይቀርም።

ዘርፈሽዋል፦ ይላል። እሱን አይስተውም።

ቦጋለ፦ ከኋላ ድንጋይ እጭንባታለሁ። ያ ጥግ ላይ ያለው ጥርብ ድንጋይ ይበቃል። ዘጠና ወጣ፣ ዘጠና ይግባ።

ዘርፈሽዋል፦ ሠላሳ ብቻ ጫን።

ቦጋለ፦ ስልሳውስ?

ዘርፈሽዋል፦ ጤና ጣቢያ ሲመዝኑኝ ስልሳ ነኝ።

ቦጋለ፦ አልገባኝም እትዬ።

ዘርፈሽዋል፦ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የድሮ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከኋላ እገባለሁ። ሊያመጣኝ አይደል የሚነሳው? ይኸው መጣሁለት።

ቦጋለ፦ መኪናዋ እኮ አትሄድም።

ዘርፈሽዋል፦ ወዴት ትሄዳለች? ቤት ደርሰን የለ?

ቦጋለ፦ እንደሱ ከሆነማ ከፊት፣ ከጎናቸው ቢቀመጡ አይሻልም?

ዘርፈሽዋል፦ የፊያቷ የፊት በር በኔ በኩል አይከፈትም ነበር። የሰው መኪና ሲያክም የራሱ እንደታመመች ኖረች። ሃያ ዓመት ከኋላ ነው የተቀመጥኩት።

ቦጋለ፦ ዞር ብለው አይተው ካላወቁዎትስ?

ዘርፈሽዋል፦ ሲነዳ መች ዞሮ ያውቅና! እኔን የሚያየኝ በስፖኪዮ ነበር። ና እስቲ፣ ልግባና ወደኔ አዙርልኝ።