መጀመሪያ በጎቹ ይጠጡ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ነቅዟል። ስለዚህ ጋሽ አብዱልገኒ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሀጀር ጎን ተቀምጠው ማምለጫ ባጡበት በዛሬው የጡረታ ሽኝታቸው ቀን የሆዴን እናገራለሁ። አይሳቁ ጋሼ። ሰው ሲያናድዱ ኖረው በኬክ ብቻ የሚሸኙ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል።

ከመጡበት ቀን ልጀምር። የሽግግሩ ጊዜ ነው። ኦሎምፒያ ያለው ቢሯችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። እኔ ከገርጂ በታክሲ ተሸክሜ ያመጣኋት አንዲት ጀሪካን ጠረጴዛዬ ሥር አለች። በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሰው ገቡ። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ።

«ውጭ መኪና ላይ ያሉት በጎች የማን ናቸው?»

«የድርጅቱ። ምን ልታዘዝ?»

«ውሃ ጠጥተዋል?»

«እኔ እንጃ። እኔም ራሴ አልጠጣሁም።»

«አንተማ አፍ አለህ፣ ትጠይቃለህ» አሉና ጀሪካኔን አንጠልጥለው ወጡ።

ሌባ ብዬ ልጮህ ስል ዘበኛው «ኧረ አዲሱ የጭነት አጃቢ ናቸው» አለኝ። ጀሪካኗ ባዶዋን ተመለሰች። «አብዱልገኒ እባላለሁ» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አብሽር፣ ውሃው ይመጣል።» እኔ ፊቴን ሳልታጠብ ዋልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው «አብሽር» ባሉኝ ቁጥር ጀሪካኔን እደብቃለሁ።

ለማታውቁን እንግዶች፣ ድርጅታችን በግና ፍየል፣ አንዳንዴም ቆዳ፣ በአውሮፕላን ወደ ውጭ ይልካል። ጋሼ እንስሳቱን ያጅባሉ። እኔ መኩሪያ ደግሞ ሰነዱን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ሰው ውጭ አገር ደርሶ ሲመጣ ስለ ሕንፃውና ስለ ሱቁ ያወራል። እኔን ስለ ሕንፃ እንዳትጠይቁኝ፣ ቀና ብዬ ለማየት ጊዜ አላገኘሁም።

ቦምቤይ የቆዳ ናሙና ይዘን ሄድን። ከሆቴሉ በር ላይ አንዲት ላም መሀል መንገድ ተኝታለች። መኪናው ሁሉ በአጠገቧ ዞሮ ያልፋል፣ ሰዉም ዞሮ ያልፋል። ጋሼ ማለፍ የት ያውቃሉ? «ፀሐይ ገደላት እኮ» አሉና እንደ ባቲ ገበያ ቀንዷን ይዘው፣ «ሃይ! ተነሽ!» እያሉ ወደ ጥላ ይጎትቷት ጀመር። አገሩ ላም የሚያከብር መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ብናገር ማን ሰምቶኝ? ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከበበን። እና ማንን ቢይዙ ጥሩ ነው? እኔን። ቦርሳዬን አቅፌ የቆምኩትን እኔን በኮሌታዬ አንጠለጠሉኝ። ጋሼ ግን ከሆቴሉ ባልዲ ውሃ አስወጥተው ላሟ ፊት አስቀመጡ። ጠጣች። ከዚያ አንዲት ሴት መጥታ የአበባ ጉንጉን አንገታቸው ላይ አጠለቀችላቸው። እኔ በተቀደደ ኮሌታ፣ እሳቸው በአበባ ሆነን ስብሰባ ገባን። ፍርድ ነው ይሄ?

ናይሮቢ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብለን ዳቦዬን ገና መጉረሴ ነበር፣ አንድ ዝንጀሮ ከእጄ ላይ መንጭቆኝ ሄደ። «ጋሼ፣ ተዘረፍኩ!» ብል ምን አሉ? «ርቦት ነው።» ይሄ እንኳ ይሁን። የቀረውን ግማሽ ከቦርሳዬ አውጥተው ወረወሩለት። የእኔን እኮ ነው። የእሳቸው ዳቦ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ማታ ላይ አካፈሉኝ፣ አልዋሽም፣ ግን ማታ ላይ ነው።

ብራስልስ ስለ እንስሳት አያያዝ ልንሰለጥን ሄድን። ክረምት ነው። ከሆቴሉ ሊፍት ውስጥ አንድ ውሻ ካፖርት ለብሶ ቆሟል። እኔ ሹራብ ብቻ ነው የለበስኩት። ጋሼ «ውዱዕ አለኝ፣ ለሶላት ታጥቤያለሁ፣ ቢነካኝ ልደግም ነው» አሉና በደረጃ እንውጣ አሉ። ሻንጣውን ማን ተሸከመ? እሺ፣ ይሁን። ሲነጋ ስወርድ እኚሁ ሰውዬ የሻይ ማቅረቢያ ሳህን ውሃ ሞልተው፣ በጃንጥላ ጫፍ እየገፉ ለውሻው ያቀርባሉ። አይነኩትም፣ ግን አይጠማም። ባለቤቷ አሮጊት ሳቀች። እኔ ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

ሳቃችሁ? በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሙ። ጅዳ ላይ የሆነውን እነግራችኋለሁ፤ እሱ አያስቅም።

የመጨረሻው የጅዳ ጉዟችን ነው። በጎቹ ከአውሮፕላን ወርደው አስፋልቱ ላይ፣ እሳት በመሰለ ሙቀት ውስጥ ቆመዋል። የተቀባዩ ወኪል መጣና «ርክክቡን ፈርሙ፣ ውሃ እኛ በረት ሲደርሱ ይጠጣሉ» አለ። መንገዱ ሩቅ ነው። ጋሼ «ሳይጠጡ አልፈርምም» አሉ። ወኪሉ አዲስ አበባ ደወለ። ከአዲስ አበባ «ይፈርም!» የሚል ትእዛዝ መጣ። ጋሼ አልፈረሙም። እኔም «ኧረ ጋሼ፣ እንጀራችን ነው» አልኳቸው፣ ደሜ ፈልቶ። «አንተ ከወረድን ውሃ ጠጥተሃል?» አሉኝ። አልጠጣሁም። «እኔም አልጠጣሁም። እነሱም አልጠጡም። አብረን እንጠብቃለን።»

በመጨረሻ ወኪሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐጂ፣ መካ እኮ እዚህ ናት። ፈርምና ሾፌሬ አሁኑኑ ያድርስህ። ካዕባን ዞረህ፣ ዑምራህን አድርገህ በነገው አውሮፕላን ትመለሳለህ።»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እኚህ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ጅዳ ተመላልሰው መካን አላዩም። ሁልጊዜ ከበጎቹ ጋር ቆይተው፣ በዚያው አውሮፕላን ይመለሳሉ። ምኞታቸው እሷ ብቻ እንደነበረች ወይዘሮ ሀጀር ያውቃሉ። ጋሼ ወደ መካ አቅጣጫ ዞረው አዩና፣ «የተጠማ ትቼ ሄጄ ምን አፍ ኖሮኝ እለምናለሁ?» አሉት።

የውሃ ቦቴው መጣ። በጎቹ ጠጡ። ጋሼ ፈረሙ። አዲስ አበባ ስንመለስ «ደንበኛ አስቀየሙ» ተብለው ከበረራ ወርደው መጋዘን ተመደቡ። መካም በዚያው ቀረች። ዛሬ ደግሞ ይሄን የምስጋና ወረቀት ሰጣችኋቸው። «ለታዛዥነታቸው» ይላል። ለታዛዥነታቸው? አንጀቴ አርሯል። እሳቸው ባይታዘዙ አይደል እንዴ በጎቹ የተረፉት?

ጋሼ፣ አመሰግንዎታለሁ። ባለቤቴ ወርቅዬ የወለደች ሰሞን ሰፈራችን ውሃ ጠፍቶ ጨንቆኝ ሳለ፣ ታክሲ ጣሪያ ላይ ጀሪካን ደርድረው ገርጂ ድረስ መጡ። «ይመጣል አላልኩህም?» አሉኝ። ያን ቀን ከበሩ ኋላ ቆሜ አልቅሻለሁ። እዚህ ካለነው ውስጥ እርስዎ «ውሃ ጠጥተሃል?» ያላሉት ሰው የለም። ከእንግዲህ ማን ይጠይቀናል? ማን አስፈቅዶ ነው ጡረታ የሚወጡት? በዚህም ተናድጃለሁ።

አሁን ሁላችሁም ተነሱ። ቢራውን ተዉት፤ ውሃውን አንሱ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዓለምሰገድ፣ እርስዎም ያንሱ። የጅዳው በረራ ዛሬም አለ፣ የአጃቢ ወንበርም አለው። ለአንድ ጊዜ ጋሼ ያለ በግ ይቀመጡበት። ወኪሉም የዑምራውን ፈቃድ ያውጣላቸው፣ ያኔ ያለውን አልረሳሁትም። እርስዎ መልስ እስኪሰጡ ማንም አይጠጣም። ሕጉን ያወጡት ጋሼ ናቸው፣ እኔ የለሁበትም።

ምን አሉ አቶ ዓለምሰገድ? ጮክ ይበሉ፣ ጥግ ያሉት አልሰሙም። «ይሄዳሉ» ብለዋል። ሰምታችኋል አይደል? ወይዘሮ ሀጀር፣ እርስዎ ምስክር ነዎት።

እንግዲህ ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ቤትዎ በልጅ በልጅ ልጅ ይሙላ። መካ ሲደርሱ ለሁላችንም ዱዓ ያድርጉ፣ ለኮሌታዬም ጭምር። መንገድ ላይ ግመል ካዩ እባክዎን አልፈው ይሂዱ። እንደማያልፉ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ልናገር።

«እናንተ ቅደሙ» አይበሉኝ። ዛሬ እርስዎ ሳይጠጡ ማንም አይጠጣም። እጃችን ዛለ ጋሼ፤ ይጠጡ።