የጾም ቦሊኞ

(ሁዳዴ፣ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል። ሊዝበን የኬክ ሙያ ተምራ የተመለሰችው ዘውድነሽና ታናሽ ወንድሟ ምሕረቱ፣ ገርጂ በከፈቷት ኬክ ቤት ጓዳ፣ ቦሊኞ የሚሉትን ትኩስ የዓሣ ጥብስ ከሞላ ትሪ ፊት ቆመዋል።)

ዘውድነሽ፦ ያቺን ወረቀት ከመስታወቱ ላይ አንሳ አልኩህ!

ምሕረቱ፦ አላነሳም። ምን አጠፋች?

ዘውድነሽ፦ «የጾም ቦሊኞ» ትላለቻ!

ምሕረቱ፦ ዓሣና ድንች አይደል እንዴ? አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

ዘውድነሽ፦ እንቁላሉንስ ጠይቀኸኛል? በምን የተያያዘ መሰለህ?

ምሕረቱ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ዘውድነሽ፦ ይስማ!

ምሕረቱ፦ እታለም፣ እስቲ ዙሪያሽን እዪ። ናታ የምትዪው ኬክሽ በእንቁላል አስኳል፣ ኮሺኛ የምትዪው ጥብስሽ በዶሮ፣ ያ የብራዚል ዳቦሽ በአይብ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ በሩን የረገጠ ሰው አለ? ዛሬ ገና እማማ አቦነሽ መጥተው ለማኅበራቸው ሠላሳ አዘዙ። ከቅዳሴ ሲወጡ ይወስዳሉ።

ዘውድነሽ፦ ወይ ጉዴ! እማማ አቦነሽ? ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙት ሴትዮ?

ምሕረቱ፦ ዓሣ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። «እኛ እንበላለን» ነው ያሉት።

ዘውድነሽ፦ ዓሣውንማ እያወቁ ነው የሚበሉት። እንቁላሉን ማን ነገራቸው?

ምሕረቱ፦ ሳያውቁ ቢበሉ ምን ኃጢአት አለባቸው?

ዘውድነሽ፦ የእሳቸውን መች አልኩ? የእኛን ነው የምልህ።

ምሕረቱ፦ መጀመሪያውኑ ያለ እንቁላል አትሠሪውም ነበር?

ዘውድነሽ፦ ዘይት ውስጥ ይፈርሳላ! ነገ በሽምብራ ዱቄት እሞክረዋለሁ። የዛሬውን ግን ሊወስዱ ሲመጡ ንገራቸው።

ምሕረቱ፦ ብነግራቸው ነገ ሰፈሩ ሁሉ «እንቁላል ሊያበሉን ነበር» ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ማን ይገባልናል? መዝጋታችን ነው!

ዘውድነሽ፦ እኔስ አልፈራሁም? ፈርቻለሁ እንጂ። ግን ነገ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው?

ምሕረቱ፦ ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ካልሽ አለቀ። ጣዕሙ እንደሆነ አይለይ።

ዘውድነሽ፦ አይለይም?

ምሕረቱ፦ ምንም።

ዘውድነሽ፦ እንግዲያው እንካ፣ አንዷን ቅመስልኝ።

ምሕረቱ፦ አሁን ምሳ በላሁ፣ ጠግቤያለሁ።

ዘውድነሽ፦ አንድ ጉርሻ አይከብድህም። የጾም አይደል? በል አፍህን ክፈት፣ ላጉርስህ።

ምሕረቱ፦ ተይ እታለም… ተይ ብዬሻለሁ! አታስገድፊኝ!